ትን የማይል ዘይት

ውሃ ስንጠጣ ሳቅ ካመለጠን፣ ወይም ጉርሻው ሳይወርድ ወሬ ከጀመርን ትን ይለናል። ዓይናችን እንባ ያቀራል፤ ፊታችን ደም ይመስላል፤ አጠገባችን የተቀመጠው ሰው ጀርባችንን መታ መታ ያደርገናል። በልጅነቴ ትን ያለው ሰው ትንፋሹ ሲመለስለት «ማን ይሆን ስሜን ያነሳው?» ሲል እሰማ ነበር። የስሙን ነገር እንጃ፤ ትንታ ግን በራሱ ትልቅ ጸጋ ነው። የምግብና የአየር መንገድ ጉሮሮ ላይ ይተላለፋሉ። በዚያ መስቀለኛ መንገድ ላይ የቆመ ዘበኛ ቢኖር ትንታ ነው፤ መንገድ ስቶ ወደ ሳንባ የሚያመራውን የውሃ ጠብታም ሆነ የእህል ፍርፋሪ በሳል እየገፋ ወደ መጣበት ይመልሰዋል።

ይህ ዘበኛ የማይለየው አንድ እንግዳ አለ፤ ዘይት። ዘይት ለስላሳ ነው፤ አይቆረቁርም፤ አያቃጥልም። የአየር ቧንቧውን ግድግዳ ይዞ ቀስ እያለ ሲወርድ ብዙውን ጊዜ ሳል አይቀሰቅስም። ከወረደም በኋላ፣ በቧንቧው ውስጠኛ ገጽ ላይ እንደ ስንዴ ቡቃያ እየተወዛወዙ ቆሻሻን ወደ ላይ የሚጠርጉትን ጥቃቅን ፀጉሮች ሥራ ያስፈታቸዋል። ስለዚህ ሰውየው ትን ሳይለው፣ ሳይስል፣ ምንም ሳይጠረጥር ዘይቱ ከሳንባው ሥር ይደርሳል። ከዚህ የሚመጣውን ሕመም ሐኪሞች ሊፖይድ ኒሞኒያ ይሉታል። በእኛ አነጋገር የቅባት የሳንባ ምች ብንለው ያስኬዳል። ጀርም የማያመጣው፣ ከሰው ወደ ሰውም የማይተላለፍ የሳንባ ምች ነው።

የዚህን ሕመም ታሪክ ሳነብ ሐሳቤን የያዘው፣ ዘይቱን የሚያስገባው ጠላት አለመሆኑ ነው። እናት ናት፤ አያት ናት፤ አንዳንዴም ታማሚው ራሱ «ለጤናዬ» ብሎ ነው። ታሪኩ በአብዛኛው የማንኪያ ታሪክ ነው፤ ማንኪያውን የያዘው እጅ ደግሞ የሚወድ እጅ ነው። (ከዚህ በታች የማነሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።)

ከሰሜን ባሕር ዳርቻ ልጀምር። የኖርዌይ ዓሣ አጥማጆች ኮድ የሚባለውን ዓሣ ጉበት በበርሜል እያጠራቀሙ እስኪበሰብስ ይተዉትና ከላይ የሚንሳፈፈውን ዘይት ይቀዱ ነበር። መብራት ያበሩበታል፤ ቆዳ ያለፉበታል፤ መገጣጠሚያ የቆረጠመው ሰውም ይጠጣዋል። ዘይቱ ጥቁር ቡናማ ነበር። ሽታውን ለመገመት የበሰበሰ የዓሣ ጉበት ማሰብ ይበቃል። በ18ኛው ምእተ ዓመት የእንግሊዝ ከተማ በሆነችው በማንቸስተር ሐኪሞች ለቁርጥማት ሕሙማን ያዝዙት ጀመር። በ1841 ጆን ሂውዝ ቤኔት የተባለ ሐኪም፣ በጀርመን አገር ስለ ዘይቱ ያየውንና የተማረውን ይዞ ተመልሶ፣ በኤዲንብራ ስለዚሁ ዘይት ብቻ የሚናገር መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ በኋላ የዓሣው ዘይት ዝና በብሪታንያ ናኘ፤ ከሁሉ በላይ የታዘዘውም ለሳንባ ነቀርሳ ሆነ። በ1850ዎቹ ኖርዌያዊው ፋርማሲስት ፒተር ሞለር ትኩሱን ጉበት በእንፋሎት እያሞቀ ነጣ ያለ፣ ሽታውም የሚቻል ዘይት ማውጣት ቻለ። በ1870ዎቹ ደግሞ በኒው ዮርክ ስኮትስ ኢመልሽን የሚባለው፣ ዘይቱን ከሌላ ነገር ጋር በጥብጦ እንደ ወተት ያነጣው መድኃኒት ገበያ ላይ ዋለ። ከቁመቱ የሚተካከል ዓሣ በጀርባው የተሸከመው ሰውዬ ሥዕል የዚህ ጠርሙስ ምልክት ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ሳል ያደከመው፣ ሌሊቱን ሲያጣጥር ያደረ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ፣ ለሳንባው ፈውስ ተብሎ በየቀኑ ዘይት በማንኪያ ይቀርብለታል። ከዚያ ማንኪያ የትኛው ጠብታ ወደ ሆድ፣ የትኛው ወደ ሳንባ እንደሄደ የሚጠይቅ ሰው በዚያ ዘመን አልነበረም። ሳሉ ቢብስ በሽታው ባሰበት ይባላል።

ዘይቱን መክሰስ ብቻ ግን ከእውነት መራቅ ይሆናል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ቪየና የተራበች ከተማ ነበረች። የልጆቿ እግር እንደ ቀስት ይጎብጥ ነበር፤ ሪኬትስ የሚባለው የአጥንት መለስለስ ነው። እንግሊዛዊቷ ተመራማሪ ሃሪየት ቺክ ከባልደረቦቿ ጋር በ1919 ወደዚያ ሄዳ፣ በከተማዪቱ የሕፃናት ክሊኒክ ለዓመታት ሠርታ፣ የዓሣ ዘይትና የፀሐይ ብርሃን ሪኬትስን እንደሚከላከሉና እንደሚፈውሱ አሳየች። በዚያው ጊዜ በለንደን ኤድዋርድ ሜላንቢ በቡችሎች ላይ ያደረገው ሙከራ ወደዚሁ አመለከተ። በ1922 በአሜሪካ ኤልመር ማኮለምና ባልደረቦቹ በዘይቱ ውስጥ ያለውን ምስጢር ለይተው ቫይታሚን ዲ አሉት። የዓሣ አጥማጁ የበርሜል ዘይት የሳይንስ ማኅተም ተመታበት። እግራቸው ሳይጎብጥ ያደጉት ልጆች ለዚህ ዘይት ባለውለታ ናቸው፤ ይህን ማንም ሊክድ አይችልም።

ማኅተሙ ከተመታ በኋላ ግን ማንኪያው ወደ ጤነኛውም ሕፃን ዞረ። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በአሜሪካም በአውሮፓም ለሕፃን የዓሣ ዘይት መስጠት የጥሩ እናትነት ምልክት ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የብሪታንያ መንግሥት ለትንንሽ ልጆች ያድለው ነበር። ልጆቹ ግን ማኅተሙን ማንበብ አይችሉም። የሚያውቁት ጣዕሙን ነው፤ ጣዕሙ ደግሞ የማይወደድ ነው።

እንግዲህ የሚሆነውን እናስበው። ልጁ ማንኪያውን ሲያይ አፉን ይገጥማል። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ይደፋል፤ አፍንጫው በሁለት ጣት ይያዛል። እንቢ ብሎ ይቆያል፤ ትንፋሽ ሲያጥረው ግን አፉን መክፈቱ አይቀርም። በዚያች ቅጽበት ማንኪያው ይገባል። አፉን የከፈተው ግን ለአየር ነው። የሚያለቅስ ልጅ ደግሞ በእያንዳንዱ ለቅሶ መሐል አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ አፉ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ አብሮ ይሳባል። ውሃ ቢሆን ትን ብሎት፣ አስሎት፣ እናቱን አስደንግጦ በወጣ ነበር። ዘይት ስለሆነ ልጁ ዝም ይላል። እናቲቱም ዋጠልኝ ብላ ማንኪያዋን ታጥባለች።

ዘመኑ ዘይትን ለሳንባ የሚፈራ አልነበረም። ጉንፋን ለያዘው ሰው በአፍንጫው ዘይት ጠብ ይደረግለት ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚጣራው ፈሳሽ ፓራፊን ነው። እንዲያውም ሲካርና ፎሬስትዬ የተባሉ ሁለት የፓሪስ ሐኪሞች በ1920ዎቹ መጀመሪያ የሳንባን ቧንቧዎች በራጅ ለማየት አዮዲን የተቀላቀለበት የአበባ ዘር ዘይት በቀጥታ ወደ ሳንባ ማፍሰስ ጀምረው፣ ዘዴው በዓለም ሁሉ ተወዶ ነበር።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ የመጣው ከሬሳ ክፍል ነው። በ1925 የቶሮንቶው ፓቶሎጂስት ላፍለን፣ ዘይት በአፍንጫቸው ይደረግላቸው የነበሩና በሳንባ ምች የሞቱ ጥቂት ሰዎችን፣ አብዛኞቹን ሕፃናት፣ ሳንባ መርምሮ ያገኘውን አሳተመ። በሳንባቸው ውስጥ ዘይት ነበር። ያንኑ ዘይት በጥንቸሎች ላይ ሞክሮ ያንኑ ጉዳት አየ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ አሜሪካዊው ሄንሪ ፒንከርተን ነገሩን በስፋት ያዘው። በልጆች ሳንባ ውስጥ ዘይትና ስብ እንዴት እንደሚገባና ምን እንደሚሆን በ1927 ጻፈ፤ በ1928 ደግሞ ልዩ ልዩ ዘይቶችን በእንስሳት ሳንባ እየጨመረ አወዳደረ። ውጤቱ ማንም ያልጠበቀው ነበር። ከዕፅዋት የሚወጡት ዘይቶች በአመዛኙ ብዙ ጥፋት አያደርሱም። ከማዕድን የሚወጣው ፓራፊን ሳንባውን ወዲያው አያቃጥለውም፤ ነገር ግን አይወጣም፤ ሰውነትም ሊያፈርሰው አይችልም። ከሁሉ የከፉት ከእንስሳ የሚወጡት ናቸው፤ ከእነርሱም መካከል ያ የተመሰገነው የዓሣ ጉበት ዘይት። በሳንባ ውስጥ ሲፈራርስ የሚለቀው አሲድ ሥጋውን ያቆስላል፤ ይገድላል።

ነገሩ ሲቀጥል እንዲህ ነው። በሳንባ የአየር ከረጢቶች ውስጥ ማክሮፋጅ የሚባሉ ሕዋሳት አሉ፤ ሥራቸው የገባውን ባዕድ ነገር መብላት ነው። ዘይቱንም ጠብታ ጠብታውን ይበሉታል፤ በልተውም ያብጣሉ። ፓራፊን ሲሆን ግን የበሉት አይፈጭላቸውም። ሕዋሱ ዘይቱን እንደ ተሸከመ ይሞታል፤ ሲፈርስ ዘይቱ ተመልሶ ይፈስሳል፤ ሌላ ሕዋስ መጥቶ ያንኑ ይበላል፤ እርሱም ይሞታል። ይህ ለወራት፣ ለዓመታትም ሊቀጥል ይችላል። በመጨረሻ ሰውነት ያልቻለውን ነገር በጠባሳ ያጥረዋል። ጠባሳ ደግሞ አይተነፍስም።

ሕመሙ ለረጅም ጊዜ ተሰውሮ የኖረበት አንዱ ምክንያት ከምርመራው ዘዴ ራሱ የመጣ ነው። ፓቶሎጂስቱ ከሳንባ የተቆረጠውን ቁራጭ በማይክሮስኮፕ ከማየቱ በፊት በአልኮልና ዛይሊን በሚባል ፈሳሽ ያሳልፈዋል። እነዚህ ፈሳሾች ቅባትን ያሟሟሉ። ስለዚህ ቁራጩ ከማይክሮስኮፑ ሥር ሲደርስ ዘይቱ ታጥቦ አልቋል፤ የቀረው ዘይቱ የነበረበት ባዶ ክብ ቀዳዳ ብቻ ነው። ዘይቱን ራሱን ማየት የሚፈልግ ሐኪም አስቀድሞ ጠርጥሮ፣ ቁራጩን አቀዝቅዞ አስቆርጦ፣ ቅባትን በሚያቀላ ቀለም ማስነከር አለበት። ያልጠረጠረ ቀዳዳውን አይቶ ያልፋል።

ከሕፃናት ቀጥሎ ዕጣው የሽማግሌዎች ሆነ። ፈሳሽ ፓራፊን ለሆድ ድርቀት የታወቀ መድኃኒት ነበር፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል፤ ጣዕም የለውም፤ ሽታ የለውም። አዛውንቱ ሊተኙ ሲሉ አንድ ማንኪያ ይጠጣሉ፤ ጋደም ይላሉ። ዕድሜ የጉሮሮን ዘበኛ ያደክመዋል፤ ስትሮክ የመታው ሰውማ ዘበኛው እንቅልፍ ላይ ነው። ሌሊት ከሆድ ተመልሶ የሚመጣው ዘይት ቀስ ብሎ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ከዓመታት በኋላ ለሌላ ጉዳይ በተነሣ ራጅ ላይ አንድ ጠጣር ነገር ይታያል። «ካንሰር ነው» ይባላል፤ ደረት ተከፍቶ ሳንባ ተቆርጦ ይወጣል፤ ሲመረመር ዘይት ሆኖ ይገኛል። እንዲህ ያለው እባጭ በሕክምና መጻሕፍት ፓራፊኖማ የሚል የራሱ ስም እስኪሰጠው ድረስ ተደጋግሟል። ሰውየው በየምሽቱ ስለሚጠጣው ማንኪያ የነገረ የለም። አልዋሸም፤ እንደ መድኃኒት ስለማይቆጥረው ነው።

ከዚህ በኋላ ሲቲ ስካን መጣና ነገሩን በቁጥር እንድናየው አደረገ። በዚህ መሣሪያ ሚዛን ውሃ ዜሮ ነው፤ አየር ከዜሮ በታች 1000 ነው። ሥጋ፣ ደም፣ መግል፣ እባጭ ከዜሮ በላይ ይውላሉ። ቅባት ግን ከዜሮ በታች ነው፤ ከ30 እስከ 150 ያህል ዝቅ ይላል። በሳንባው እባጭ ውስጥ ይህን ቁጥር ያየ ሐኪም ቢላዋውን አስቀምጦ ወንበሩን ወደ ታማሚው ያስጠጋል፤ የሚጠይቀው ነገር አለውና።

ያ ወንበር በኮሪያ ብዙ ጊዜ ሳይጠጋ አልቀረም። ነገሩ ከጃፓን ይጀምራል። ሚትሱማሩ ቱጂሞቶ የተባለ ጃፓናዊ ኬሚስት በ20ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ በሻርክ ጉበት ዘይት ውስጥ አዲስ ነገር አግኝቶ፣ በ1916 ስኳሊን ብሎ ሰየመው። ሻርክ በጥልቅ ባሕር ሳይሰጥም እንዲንሳፈፍ ከሚረዱት ነገሮች አንዱ ይኸው በጉበቱ የተከማቸ ቀላል ዘይት ነው። ውሎ አድሮ ስኳሊን በጃፓንና በኮሪያ ብርታት የሚሰጥ የምግብ ማሟያ ተብሎ በእንክብልና በፈሳሽ ይሸጥ ጀመር። በ1990ዎቹ የኮሪያ ሐኪሞች በስኳሊን ምክንያት ሳንባቸው የተጎዳ ሰዎችን ታሪክና የሲቲ ምስል በተከታታይ አሳተሙ። የአውሮፓው የዓሣ ዘይት ታሪክ በሌላ ዓሣ፣ በሌላ ባሕር ዳር ተደገመ። የታመመ ሰው እንዲበረታ የሚሰጡት፣ እንደ መድኃኒትም ለሐኪም የማይነገር ነገር ነበረ።

ዘይት በማንኪያ ብቻ አይደለም የሚገባው፤ በጢስም ይገባል። በደቡብ አሜሪካ በጋያና በፓራፊን ዘይትና በቫዝሊን የታሸ ጥቁር ትንባሆ የሚያጨሱ ሰዎች ነበሩ፤ ሳንባቸው በዘይት መጎዳቱን ተመራማሪዎች በ1971 ጻፉ። ጽሑፉ እንደ ሩቅ አገር ወግ ተነብቦ በመደርደሪያ ተቀመጠ። በ2019 ክረምት በአሜሪካ ጤነኛ የነበሩ ወጣቶች ትንፋሽ አጥሯቸው በየሆስፒታሉ ይገቡ ጀመር። መጀመሪያ የታወቀው በዊስኮንሲንና በኢሊኖይ ነበር። ሁሉም የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ የሚስቡ ናቸው፤ አብዛኞቹም ከመንደር ሻጭ የተገዛ የካናቢስ ዘይት የሞላበት። ከሳንባቸው በተቀዳው ፈሳሽ ውስጥ ዘይት የጠገቡ ማክሮፋጆች ሲታዩ፣ ብዙ ሐኪሞች የድሮው የቅባት ምች ተመልሶ መጣ አሉ።

አጥፊው ሲፈለግ የተገኘው ቫይታሚን ኢ አሲቴት ነው። ይህ በመደብር ሁሉ የሚሸጥ የምግብ ማሟያ ነው፤ በእንክብል ይዋጣል፤ በቆዳ ቅባትም ውስጥ አለ። የካናቢሱን ዘይት በርካሽ ለማብዛት የፈለጉ ሻጮች፣ መልኩም ውፍረቱም ስለሚመሳሰል ይህንኑ ቀላቀሉበት። ከ51 ሕሙማን ሳንባ የተወሰደ ፈሳሽ ሲመረመር በ48ቱ ውስጥ ተገኘ። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል እስከ የካቲት 2020 ድረስ ከ2,800 በላይ ሕሙማንና 68 ሟቾች ቆጥሯል። ነገር ግን የሳንባውን ቁራጭ የመረመሩ ፓቶሎጂስቶች፣ ይህ ላፍለንና ፒንከርተን ያዩት ዓይነት የቅባት ምች ሳይሆን በኬሚካል የተቃጠለ ሳንባ ነው ብለው ተከራከሩ፤ ዛሬም በብዛት ተቀባይነት ያገኘው የእነርሱ አስተያየት ነው። ስሙ ተለየ እንጂ ሕሙማኑን ያታለላቸው ሐሳብ አልተለየም። ለሆድ የተፈቀደ ነገር ለሳንባም የተፈቀደ ይመስለናል። ሆድ ዘይትን የሚያፈርስበት ሐሞት አለው፤ የሚያዳርስበት ደም ሥር አለው። ሳንባ ይህ ሁሉ የለውም።

እስካሁን በሰው አገር ሳዞራችሁ የቆየሁት አንዱን ነገር ለመጨረሻ ስላቆየሁት ነው። የዓሣ ዘይት በባሕር ዳር ሕዝቦች ቤት የያዘውን ቦታ በደጋ ከብት አርቢዎች ቤት የያዘው ቅቤ ነው። በ1990ዎቹ በሳዑዲ ዓረቢያ ደቡብ ምዕራብ ተራሮች የሚሠሩ የሕፃናት ሐኪሞች፣ ሰምን የሚሉትን ንጥር ቅቤ በማስዋጥ ምክንያት ሳንባቸው የታመመ ልጆችን መዝግበው አሳትመዋል። በደቡብ ሕንድ ሕፃን ሲታጠብ በአፍንጫው ዘይት ማድረግ የቆየ ልማድ ነበርና ከዚያም ተመሳሳይ ጽሑፍ በ1970ዎቹ ወጥቷል። በ2005 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የሚሠሩ ሐኪሞች፣ በሜክሲኮ ባህል መሠረት ዘይት የተሰጣቸው ሕፃናት ሕመም ለምን ቶሎ እንዳልታወቀ ሲጽፉ፣ እንቅፋቱ የሳንባው ምስል ሳይሆን የጥያቄና የመልስ አለመገናኘት መሆኑን አሳይተዋል። ሐኪሙ ስለ መድኃኒት ይጠይቃል፤ እናት ደግሞ የሰጠችው የአያቷን ዘይት እንጂ መድኃኒት አይደለም።

የእኛስ? በአገራችን አራስ ልጅ ጡት ከመያዙ በፊት ቅቤ ማላስ በብዙ ቦታ የቆየ ልማድ ነው፤ የጤና ጥናቶችም ደጋግመው መዝግበውታል። ጉሮሮው እንዲለሰልስ፣ ሆዱ እንዳይደርቅ፣ ድምፁ እንዲያምር ይባላል። እንገሩ ሲደፋ ቅቤው ይገባል። ቅቤ በእኛ ዘንድ ምግብ ብቻ አለመሆኑን ማን ያጣዋል? ሙሽራ አናቷ ላይ ይደረግላታል፤ አራስ ትቀባዋለች፤ ራሱን ያመመው ሰው መሐል አናቱ ላይ ጠብ ይደረግለታል። ወደዚህ ዓለም ለመጣ እንግዳ የቤቱን ምርጥ ነገር ማቅመስ ከክፋት አልመነጨም። የዓለም ጤና ድርጅትም የእኛው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ምንም አይሰጠው ሲሉ፣ የሚነኩት ይህን ሁሉ ነው። ሳንባው የታመመ ልጅ ሲገጥማቸውም ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርጉት የመጀመሪያው ነገር ቅባቱን ማስቆም ነው፤ ሲከፋ ሳንባውን በፈሳሽ ማጠብ አለ። ለማስቆም ግን መሰጠቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ገጠር ዘመዶቼ ዘንድ አራስ ጥየቃ ሄጄ ነበር። ገንፎው መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤው ተንጣሎበታል። ሕፃኑ ደኅና ነው፤ ተጠቅልሎ ተኝቷል። እኛ እየበላን ሳለ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መጣች፤ ልጅ እግር ናት። እጇን ታጥባ፣ ሕፃኑን ገልጣ አየችና ወደ አያቱ ዞረች።

«እማማ፣ ለሕፃኑ ከጡት ሌላ የሰጣችሁት ነገር አለ?»

«ምን እንሰጠዋለን ልጄ? ምንም!»

ልጅቱ መዝገቧን ሳትከፍት ገንፎውን አየት አደረገች።

«ቅቤስ አልላሰም?»

«ውይ፣ ቅቤማ ልሷል እንጂ! ቅቤ ሳይልስ የሚያድግ ልጅ የት ታውቂያለሽ?»

ይገሥጿቸዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልገሠጸቻቸውም። አጠገባቸው ዝቅ ብላ ተቀመጠችና ድምፅዋን ለስለስ አድርጋ፣ «በጣትዎ ነው በማንኪያ?» ስትል ጠየቀቻቸው።

አሮጊቷ አመልካች ጣታቸውን ቀስረው አሳዩዋት።